«ሊኑክስ ለተራ ሰው አይሆንም» ለተባለው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ከተቋረጠ በኋላ ሰው ምን ይሻለዋል የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ቀኑንም ምክንያቱንም በትክክል አስቀምጧል። መደምደሚያው ላይ ነው ያልተስማማነው። ጸሐፊው መፍትሔው አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ነው ብለው፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ሌላ ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ በአንድ አንቀጽ አለፉት። የባለሙያ ነገር ነው፣ ለተራ ሰው አይሆንም አሉ።

ተራ ሰው ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሥራውን የጀመርኩት በጽሕፈት መኪና ነው። ያኔ ሦስት ኮፒ የምናወጣው ካርቦን ወረቀት አስገብተን ነበር። ፕሮግራም መጻፍ አልችልም፤ ልማርም አላሰብኩም። የክስ ማመልከቻ፣ የመከላከያ መልስ፣ የይግባኝ አቤቱታ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ይኼው ነው ሥራዬ። ዲቪ ሲሞላ ደግሞ ፎቶ አስተካክላለሁ። ሱቄ ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች ከአንዱ በቀር ሁሉም ላይ የተጫነው ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ያ አንዱ ለምን እንደቀረ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ «አዲስ ግዙ» ምክር ላንሳ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ፣ ማለትም መደበኛውን የደህንነት ማሻሻያ፣ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ፣ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ መሆን አለበት። የእኔዎቹ ፎርዝ ጄኔሬሽን ናቸው። ሰው ከተጠቀመባቸው በኋላ ከዱባይ የመጡ፣ መገናኛ የተገዙ ዴስክቶፖች ናቸው። አንዳቸውም አልተበላሹም። አቧራቸውን እያራገፍኩ፣ ሲሞቁ ፋናቸውን እያስጠረግሁ እዚህ አድርሻቸዋለሁ። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ሱቅ ገብቶ ዋጋ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል፣ እነዚህን ሁሉ ልቀይር ብል የሱቁን ኪራይ ትቼ ነው። ብቀይርስ ምን አገኛለሁ? አቤቱታው በፍጥነት አይተየብልኝም። ጣቴ ያው ጣቴ ነው።

ሊኑክስን የሚወዱ ልጆች ደግሞ ሌላ ነገር ይላሉ። «በነፃ ነው» ይላሉ። ይህ ክርክር እዚህ አገር ለምን ሰው እንደማያሳምን ልንገራችሁ። በእኛ ሰፈር ዊንዶውስ ገዝቶ የሚጠቀም ማን ነው? ልጁ ፍላሹን ይዞ ይመጣል። ፎርማት ያደርጋል። ሳይከፈልበት እንዲሠራ ክራክ ያደርጋል። ሒሳቡን ይቀበልና ይሄዳል። የተከፈለው ለልጁ ድካም ነው እንጂ ለዊንዶውሱ አይደለም። ስለዚህ በነፃ ነው ብትሉት ሰውየው አይደነቅም፤ ዊንዶውሱም የመጣለት በነፃ ነው። ነገር ግን ያ ክራክ እንዲሠራ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ ይባላል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም በኮምፒውተርህ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ይገባል። የሰው ፍርድ ቤት ጉዳይ፣ የሰው የባንክ ወረቀት፣ የሰው መታወቂያ ስካን የተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው። ዋጋው አልነበረም።

የሾርትከት ቫይረስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት የለም። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ጠበቃው ፍላሹን ይዞ ሦስት ቤት ይዞራል፤ አንዱ ጋ ይጽፋል፣ አንዱ ጋ ፕሪንት ያደርጋል፣ አንዱ ጋ ስካን ያደርጋል። ከሦስቱ በአንዱ ቫይረሱ ይገባል። ቫይረሱ ፎልደሮቹን ይደብቅና በእነሱ ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሰውየው ፎልደሬ ነው ብሎ ሲጫነው ቫይረሱን ራሱን አስነሳው ማለት ነው። ፍላሹ ባዶ ይመስላል። ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነው፤ አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰው እንዴት እንደሚሆን ልታስቡት ትችላላችሁ።

ያንኑ ፍላሽ ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ነገሩ ይገለጣል። ዊንዶውስ እንዲደብቀው የታዘዘውን ፎልደር ሊኑክስ ፊት ለፊት ያሳየዋል። የቫይረሱ ሾርትከት ደግሞ የትም የማይወስድ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ፎልደሩን እከፍታለሁ፣ ሥራውን አወጣለሁ፣ ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ጠበቆቹ ፍላሽ ሲጠፋባቸው እኔ ጋ ይመጣሉ። ይህን ለማድረግ አንድም የተለየ ትምህርት አልፈለግሁም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይስተካከል። «ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም» የሚባለው ልክ አይደለም። በ2024 ማርች ላይ ኤክስዜድ የሚባል፣ ብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች የሚጠቀሙበት ፋይል መጭመቂያ ውስጥ ስውር መግቢያ ተተክሎ ተገኝቷል። ያስገባው ሰው ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ በበጎ ፈቃድ እያገዘ አመኔታ ያገኘ ነበር። ስውር መግቢያውን የደረሰበት ደግሞ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ ነገሩ ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ሲመረምር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ባይሆን ኖሮ በዚያ መንገድ ተመርምሮ ባልተገኘ ነበር የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ያ ሰው ግማሽ ሰከንዱን ባይቆጥርስ? እኔ ቫይረስ አይነካኝም ብዬ አልተኛም። ማታ ማታ ሥራዬን በሌላ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ አሠራር ነበረው። አንዱ ላይ የተጻፈውን ሌላው ላይ ብትከፍቱት የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በኋላ ፊደላችን የትም አገር፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ያው ፊደል ሆነ። ሊኑክስ ላይ አማርኛ ማንበብ ምንም ጣጣ የለውም። አቢሲኒካ የሚባለው ፊደል አለ፣ የኖቶ የግዕዝ ፊደላት አሉ፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ፣ ሁለቱም ለዓይን ደስ ይላሉ። አቢሲኒካ በተለይ የድሮ ማተሚያ ቤት ጽሑፍ ይመስላል። ሽማግሌ ደንበኞቼ እሱን ይመርጣሉ።

መጻፉ ግን የለመደ ጣት ይፈትናል። እንደ ድምፁ በእንግሊዝኛ ቁልፎች የሚጻፍበት መንገድ አለ፤ ኪማን የሚባለውንም መጫን ይቻላል። ነገር ግን የእኔ ጣት ለዓመታት የለመደው ፓወር ግዕዝን ነው፤ እሱ ደግሞ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሊኑክሱ ላይ ባለው አጻጻፍ «ቤት» ለማለት ሃምሱን ለማምጣት ሺፍት መያዝ አለብኝ። ቀላል ይመስላል። በቀን ስንት ገጽ እንደምተይብ ስታስቡት ግን ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሥራዬ ዘግይቷል፤ ደንበኛ አጉረምርሟል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዳልተቀየረ ሆነች። እሷ በስልኳ ስትጽፍ ያደገች ናት፤ ለእሷ ይኼም ያው ሌላ ኪቦርድ ነው። ስለዚህ ችግሩ የሲስተሙ ነው ወይስ የእድሜዬ የሚለውን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

የድሮ ሥራ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አለ። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ፣ የአባቱ ኑዛዜ ቅጂ፣ የድሮ ውል። የዚያን ፊደል ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ከጫንኩት ጽሑፉ ይታያል፣ ፕሪንትም ይደረጋል። ግን እሱ ላይ አዲስ አንቀጽ ልጨምር ካልኩ ጭንቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከስር እንደገና ብተይበው ይሻለኛል። ይህንን በሊኑክስ ማሳበብ ግን ነውር ነው። ፊደሉ የሌለው አዲስ ዊንዶውስ ላይም ያው ነው የሚሆነው። ጥፋቱ ያኔ ሁሉም በየራሱ መንገድ መሥራቱ ነው።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ቅጹ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙን አልጠራም። ሰዎች የሚሞሉትን ቅጽ በቴሌግራም የሚልከው በዎርድ ፋይል ነው። ፊደሉ ኒያላ ነው፤ ኒያላ የማይክሮሶፍት ፊደል ስለሆነ እኔ ጋ የለም። ሠንጠረዡ ደግሞ ሠንጠረዥ አይደለም። አንድ ሰው ስፔስ ባር እየደበደበ፣ ነጥብ እየደረደረ የሠራው ነው። ይህን ፋይል ሊብሬ ኦፊስ በሚባለው፣ እኔ በዎርድ ፈንታ በምጠቀምበት የጽሕፈት ፕሮግራም ስከፍተው ፊደሉ በሌላ ይተካል። የአንዱ ፊደል ስፋት ከሌላው ስለሚለይ መስመሩ ይዘላል። ነጥቦቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። «የአመልካች ፊርማ» የሚለው ብቻውን ተገንጥሎ ሦስተኛ ገጽ ላይ ይገኛል። ደንበኛዬ ቆሞ እያየኝ ነው። «እዚያ ማዶ ያለው ቤት እኮ ደህና ነው የሚከፍተው» ይለኛል። ምን ልበለው? ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አስተካክላለሁ። ለዚያ ጊዜ አላስከፍልም።

ጸሐፊያችሁ ሊኑክስ ለተራ ሰው አይሆንም ሲሉ ምናልባት ያዩት እንዲህ ያለውን ነው። እኔ ግን እላለሁ፣ እዚህ ላይ የወደቀው ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ነው። ያ ፋይል የተለየ ዎርድ ባለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይም ይዘላል፤ አይቼዋለሁ። ለመሙላት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ቢሆን ኖሮ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በስልክም አንድ ዓይነት ሆኖ ይከፈት ነበር። ፒዲኤፍ ለማውጣት አዲስ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም። ዎርድም ያወጣል፣ ሊብሬ ኦፊስም ያወጣል። አንድ ጊዜ መጫን ነው። ስንት ሺህ ሰው የሚሞላው ቅጽ አንድ ጊዜ መጫን አቅቶት ጽሕፈት ቤቱን ሁሉ ያሠቃያል።

ጠበቆች ጋ ሌላ ነገር አለ። እኔ የጻፍኩትን ይወስዱና ቤታቸው በዎርድ ይከፍቱታል፤ ሁለት ቃል ቀይረው መልሰው ያመጡታል። እኔ ጋ ሲከፈት የግርጌ ማስታወሻው ቁጥር ይዛባል። ጽሑፉ ራሱ አይጠፋም፣ አይበላሽም። ግን ለፍርድ ቤት የሚገባ ወረቀት ላይ አሰላለፍ ሲዛነፍ ያናድዳል። ከአንዳንዶቹ ጋር ተስማምተናል። እርማታቸውን በእስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ያደርጉታል፣ እኔ አስገባዋለሁ። ወደ ድሮ ተመለስን ማለት ነው። ደግሞ ይኼ አሠራር ጥሩ ነው፤ ጠበቃ በእስክሪብቶ ሲያርም ያስባል።

እና ያ የቀረው አንዱ ኮምፒውተርስ? እሱ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ፓወር ግዕዝና የድሮ ደንበኞች ሥራ ነው። ሁለተኛው ስካን የሚያደርገው ማሽን ነው። አምራቹ የስካን ፕሮግራሙን የሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ነው። የወንድሜ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ፈልጎለት አልሆነም። ከፕሪንተሮቹ ደግሞ አንዱን እንደሰካነው ሲስተሙ ራሱ አወቀው፣ ምንም ሳንጭን ማተም ጀመረ። ዊንዶውስ ላይ ሲዲው ጠፍቶብን የተቸገርንበት ፕሪንተር ነበር። ሌላውን ለማስነሳት ግን ልጁ ግማሽ ቀን ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሲጽፍ ዋለ። አሁን ያገለገለ ፕሪንተር ልገዛ ስሄድ የምጠይቀው መጀመሪያ ዋጋውን አይደለም። ሞዴሉን ጽፌ እመጣና ሊኑክስ ላይ ይሠራ እንደሆነ አስጠይቃለሁ። ሻጮቹ ይገርማቸዋል። ያ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተነቅሏል። ስካን ያደርጋል፣ ያው ነው።

ሁሉም ሰው ይቀይር አልልም። አጠገቤ የሒሳብ አገልግሎት የምትሰጥ ጎረቤት አለችኝ። የደንበኞቿ ሒሳብ በሙሉ ፒችትሪ ላይ ነው፤ ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። እሷን ሊኑክስ ግቢ ማለት ሱቅሽን ዝጊ ማለት ነው። ኦቶካድ የሚሠራ መሐንዲስም እንዲሁ። ባነር የሚያትሙት ልጆች ፎቶሾፕና ኮረል ድሮው ካልሆነ አይሆንላቸውም። እኔ ለዲቪ ፎቶ ጊምፕ የሚባለው ያለ ክፍያ የሚገኝ የፎቶ ፕሮግራም በቂዬ ነው። ፎቶው ከ600 በ600 ፒክስል እንዳያንስ፣ ከ240 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ማድረግ ነው፤ ለዚያ ፎቶሾፕ አያስፈልገኝም።

በሌላ በኩል ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ኮምፒውተራቸው ከመንቀርፈፉ የተነሳ ሊጣል ነበር፤ ለመነሳት ብቻ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። የወንድሜ ልጅ ሚንት ጫነላቸው። እሳቸው የሚፈልጉት ዜና ማንበብ፣ ዩቲዩብ ላይ ትምህርት ማየትና ውጭ ካሉት ልጆቻቸው ጋር በቴሌግራም ማውራት ነው። ብሮውዘሩ ያው ነው፣ ቴሌግራሙ ያው ነው። ሲስተሙ መቀየሩን ራሱ በቅጡ አላስተዋሉም። ከተጫነ በኋላ ቅሬታ ይዘው የመጡት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው። «ልጄ፣ ያ የካርታ ጨዋታ የት ሄደ?» አሉኝ። እሱም ተገኘላቸው። ጸሐፊያችሁ ተራ ተጠቃሚ የሚሉት እሳቸውን ከሆነ፣ ሊኑክስ ከማንም በላይ የሚመቸው ለእሳቸው ነው።

ጽሑፉ የጀርመኗን ሙኒክ ከተማ እንደ ማስረጃ አንስቷል። ታሪኩ እውነት ነው። የከተማው ምክር ቤት በፈረንጆቹ 2003 ወደ ሊኑክስ እንሄዳለን ብሎ ወሰነ። ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ቀይሮ በ2013 ጨረሰ። በ2017 ደግሞ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ተባለ። ግን የፈረንሳይን ጀንደርመሪ ለምን ተዋችሁት? እነሱም ፖሊስ ናቸው፤ ቃል ይቀበላሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ፣ ከእኔ ሥራ ብዙም አይርቅም። ከ70,000 በላይ ኮምፒውተሮቻቸውን ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው የሚያሠሩት። አካሄዳቸውን ስሰማ ደስ አለኝ። መጀመሪያ በ2005 የጽሕፈት ፕሮግራሙን ብቻ ቀየሩ፤ ዊንዶውሱ ላይ ኦፕን ኦፊስ ጫኑ። ቀጥሎ ብሮውዘሩንና ኢሜይሉን ቀየሩ። ሲስተሙን የነኩት ከ2008 ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ ሠራተኛው የሚከፍተው ፕሮግራም ሁሉ የለመደው ሆኗል።

እኔም ብጠየቅ የምመክረው ይኼንኑ ነው። ዛሬ ዊንዶውስህ ላይ ሊብሬ ኦፊስ ጫን። ወር ሁለት ወር ሥራበት። ቅጾችህን ክፈትበት፣ ፕሪንት አድርግበት። የሚያስቸግርህ እዚያው ይታወቃል። ካልተመቸህ ዊንዶውስህ አለ፤ ምንም አላጣህም።

አሁን ጸሐፊያችሁ ያላነሱትን ላንሳ። ዊንዶውስ እዚህ አገር የተስፋፋው ስለሚሻል አይመስለኝም። ሰው ቪትዝ የሚገዛው መለዋወጫውም መካኒኩም በየሰፈሩ ስላለ ነው፤ ዊንዶውስም እንደዚያው ነው። ከልደታ እስከ ሜክሲኮ ብትሄዱ ዊንዶውስ ፎርማት የሚያደርግ ልጅ በየሕንፃው ታገኛላችሁ። ሊኑክስ ተበላሸብኝ ብትሉት ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ልጫንልህ» ነው የሚላችሁ። የማያውቀውን አይጠግንም። አይፈረድበትም።

እኔ ይህን ሁሉ የማወራው የወንድሜ ልጅ ስላለኝ ነው። እሱ ነው የጫነልኝ፣ እሱ ነው የሚያስተካክልልኝ። አሁን ሥራው ዱባይ ነው። አንድ ነገር ሲያስቸግረኝ በቴሌግራም እጽፍለታለሁ። «አክስቴ፣ ስክሪኑን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ» ይለኛል። ፎቶውን አይቶ የሚለጠፍ መስመር ይልክልኛል፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ለጥፌ ኢንተር እላለሁ። ይሠራል። ምን እንዳደረግሁ ግን አላውቅም። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ፌስቡክ ላይ ቢጠይቅ ሰባት ሰው ሰባት ዓይነት መልስ ይሰጠዋል፤ ስምንተኛው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ጫን ይለዋል። የሊኑክስ ልጆች ይህን ጠባያቸውን ቢተዉት ጥሩ ነው። ሰው ፕሪንተሬ አልሠራ አለ ሲል፣ ሲስተም ቀይር አይባልም።

ኢንተርኔቱም አለ። እኛ ፕሮግራም የምንለዋወጠው በፍላሽ ነው። የዊንዶውሱን ሴታፕ አንዱ ያወርደዋል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይገለብጠዋል። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚመጣው በአብዛኛው ከኢንተርኔት መጋዘኑ በቀጥታ ነው። ንጹሕ ነው፤ የተበከለ ሴታፕ ከመጫን በጣም ይሻላል። ፓኬጅህ ካለቀ ግን ቆመሃል። ኡቡንቱን ማርክ ሹትልወርዝ የሚባለው ደቡብ አፍሪካዊ በፈረንጆቹ 2004 ሲጀምረው፣ ለጠየቀ ሰው ሲዲውን በፖስታ ያለ ክፍያ ይልክ ነበር። ያ በ2011 ቆመ። ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ግን መቅረት ያልነበረበት ነገር ነው። በሚንት አንድ ያስደሰተኝ ነገር፣ አፕዴት ሲኖር ይነግረኛል እንጂ ሳልፈቅድለት ዳታዬን አይበላም። ዊንዶውሱ ስንቴ ደንበኛ ቆሞ እያለ «አፕዴት እየተደረገ ነው፣ አታጥፉት» ብሎኝ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ የምጠይቀው ለሁለት ወገን ነው። አንደኛው ቅጽ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ ፊደሉን በዩኒኮድ አድርጉት። ሰው የሚጽፍበት ሠንጠረዥ ከሆነ በእውነተኛ ሠንጠረዥ ሥሩት፤ ስፔስ ባሩን ተዉት። ሁለተኛው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ናቸው። የኮምፒውተር ጥገና የምታስተምሯቸው ልጆች ዊንዶውስ ፎርማት ከማድረግ ሌላ አንድ ሊኑክስ ጭነው፣ ፕሪንተር አገናኝተው፣ የአማርኛ መጻፊያ አስተካክለው ይውጡ። እንዲህ ያለ ልጅ ልደታ መጥቶ ሱቅ ቢከፍት የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼንም አመጣለታለሁ። ያረጀ ኮምፒውተር ያለው፣ ዊንዶውስ 11 አልጫን ያለው ሰው በዚህ ሰፈር ብቻ ስንት እንዳለ አውቃለሁና ሥራ አያጣም። ወርሃዊ ክፍያ እንኳ ቢጠይቅ እከፍላለሁ፤ ለዱባዩ ልጅም እፎይታ ነው።

ጸሐፊያችሁ ጊዜ ካላቸው ሱቄ ይምጡ። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብለው የፈለጉትን ይሥሩበት፤ ሻይ ከእኔ። የስካን ማሽኑን ነገር ካወቁበት ደግሞ ውለታቸውን አልረሳም።

ደብዳቤውን በፒዲኤፍም፣ ልታርሙት ከፈለጋችሁ በሊብሬ ኦፊስ ፋይልም ልኬዋለሁ። ፊደሉ አቢሲኒካ ነው። ዎርድ ላይ ስትከፍቱት መስመሩ ከዘለለባችሁ ፒዲኤፉን እዩት። በቦታ ጥበት ማሳጠር ካለባችሁ የሙኒክን ቁረጡት፤ የቅጹን ግን አትንኩብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ከልደታ፣ አዲስ አበባ